አዲስ የተተከለ ሽንት ቤት ለምን ያንጠባጥባል? ከግድግዳው እስከ ታንኩ ያለችው አጭር መንገድ

አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ ባስተከልን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከታች ያሉት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። «ልጄ፣ የኛ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ረጥቧል፤ እስቲ ውረድና እየው» አሉኝ። ወርጄ አየሁ። ነጩ ቀለም አብጧል፤ መሐሉ ላይ ውሃ እየተጠራቀመ ቆይቶ ቆይቶ ጠብ ይላል። «ይቅርታ እማማ፣ አሁኑኑ እዘጋዋለሁ» ብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ያፈስ የነበረው መቀመጫው አልነበረም። የፍሳሽ መውጫውም ደረቅ ነበር። ንጹሕ ውሃ ወደ ታንኩ የምታስገባው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ዳዶ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበራት። ስፈታት ውስጧ በቴፍሎን፣ ማለትም በቧንቧ መጋጠሚያ ላይ በሚጠቀለለው ነጭ ስስ ጥብጣብ፣ ተጠቅጥቋል። ሠራተኛው እንዳታፈስ ብሎ ቴፍሎኑን ደራርቦ ጠቅልሎ፣ በፒንሳ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ አጥብቋት ኖሯል። የሰነጠቃትም ያው ማጥበቁ ነው።

ይህን የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። «ካፈሰ አጥብቀው፣ አሁንም ካፈሰ ቴፍሎን ጨምርበት» የሚለው ምክር ከቤት ቤት ይዞራል። ምክሩ በአንዱ መጋጠሚያ ላይ እውነት ነው፤ በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ደግሞ ጥፋት ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ውሃውን በየቦታው የሚያግደው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ውሃው በየት በየት ያልፋል?

ከቆጣሪው ወይም ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የመጣው ውሃ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ይሄዳል። በአሁኑ ጊዜ ይህ ቧንቧ በአብዛኛው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ በቆዩ ቤቶች የብረት ቧንቧ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ በአንዱ ጎን፣ ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይል፣ ቧንቧው በሴራሚኩ ላይ ውስጡ ጥርስ (እንደ ብሎን የሚዞር ጠመዝማዛ መስመር) ባለው አፍ ያበቃል።

እዚያ አፍ ላይ አንግል ቫልቭ ይገባል። አንግል ቫልቭ ማለት ከግድግዳው ፊት ለፊት የመጣውን ውሃ ወደ ላይ የሚያዞር፣ በዚያውም የሚዘጋና የሚከፍት ትንሽ ቧንቧ ነው። ጥቅሙ ታንኩ ሲበላሽ የቤቱን ውሃ ሁሉ ሳይዘጉ የሽንት ቤቱን ብቻ መዝጋት ማስቻሉ ነው። አንዳንድ ቤት ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ይዘለላል። እኔ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብን አልመክርም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ውሃ ሲፈስ በእጅ የሚደረስበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

ከአንግል ቫልቩ እስከ ታንኩ የሚደርሰው ፍሌክሲብል የሚባለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ውስጡ ጎማ ነው፤ ውጪው በቀጫጭን የማይዝግ ብረት ክሮች የተሸረበ ነው። ጎማው ውሃውን ይይዛል፤ ሽሩባው ጎማው በግፊት እንዳይነፋ አቅፎ ይይዘዋል። በሁለቱም ጫፍ እንደ ልብ የምትዞር ዳዶ አለች፤ በዳዶዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ክብ ጎማ ተቀምጧል። ይህችን ክብ ጎማ ልብ ይበሉ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት።

ታንኩ ላይ ከታች ወጣ ያለ፣ ጥርስ የወጣለት የፕላስቲክ አንገት አለ። ፍሌክሲብሉ የሚያበቃው እዚያ ነው።

ስለዚህ መጋጠሚያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ግድግዳና ቫልቭ፣ ቫልቭና ፍሌክሲብል፣ ፍሌክሲብልና ታንክ።

ውሃውን የሚያግደው ጥርሱ ነው ወይስ ጎማው?

መጀመሪያ ግድግዳውን እንይ። ቫልቩ ወደ ግድግዳው ሲገባ ጥርስ ከጥርስ ይነክሳል። ነገር ግን የወንዱ ጥርስ የሴቷን ጥርስ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ በመካከላቸው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞር ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ውሃ ያንን ደረጃ እየዞረ ይወጣል። እዚህ ጋ ሌላ የሚያግደው ነገር ስለሌለ ክፍተቱን የሚሞላ ነገር መጠቅለል ግድ ነው። ድሮ ቃጫ ከቀለም ጋር ይጠቀለል ነበር፤ ዛሬ ቴፍሎን ነው።

ቴፍሎን ሲጠቀለል አቅጣጫ አለው። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራስዎ አዙረው ሲያዩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠቅልሉ፣ ወጠር አድርገው። ቫልቩም የሚገባው በዚያው አቅጣጫ ስለሚዞር ቴፍሎኑ ይበልጥ ይጠብቃል። በተቃራኒው ከጠቀለሉት ሲያጠብቁ እየተላጠ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ስንት ዙር ለሚለው የቴፍሎኑ ውፍረት ይወስናል፤ በጣም ስስ የሆነው 8ም 10ም ዙር ሊፈልግ ይችላል። ጥሩ ምልክቱ ቫልቩ በእጅ ጥቂት ዙር ገብቶ ከዚያ እየከበደ መምጣቱ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መጋጠሚያ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ ውሃውን የሚያግደው ክብ ጎማው ነው። ፕሬዠር ድስትን ያስቡ። ክዳኑ ብረት ነው፣ ድስቱም ብረት ነው፤ እንፋሎቱን የሚይዘው ግን በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ክዳኑን የቱንም ያህል ቢጫኑት እንፋሎቱ ይወጣል። የክዳኑ እጀታ ሥራ ጎማውን ቦታው ላይ መያዝ ብቻ ነው። የፍሌክሲብሉ ዳዶም እንዲሁ ናት። ጥርሷ ጎማውን ወደ ፊት ገፍቶ ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም፤ ውሃው ጥርሱ ጋ መድረስም የለበትም።

እንግዲህ በዚያ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ምን ያደርጋል? ውሃ በማይደርስበት ቦታ ግድግዳ መሥራት ነው። ጉዳቱ ግን እዚህ አያበቃም። ቴፍሎኑ ከበዛ ዳዶዋ ጎማው ሳይጫን በፊት ትከብዳለች፤ እጅ «ጠብቋል» ብሎ ይታለላል። ጥቂት ከሆነ ደግሞ ስለሚያንሸራትት ካሰቡት በላይ ይዞራል፣ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል። የኛ ዳዶ ላይ የደረሰው የመጀመሪያው ነው፤ ቴፍሎኑ በዝቶ ጎማው በደንብ ሳይጫን ቀረ፣ በፒንሳ ሲያጠብቃት ደግሞ ተሰነጠቀች።

ታዲያ ምን ያህል ኃይል ይበቃል?

ሰዎች ሲያጠብቁ የሚታሰባቸው የውሃው ግፊት ትልቅነት ነው። ቁጥሩን እንየው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲያርፍ ማለት ነው። በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ለምድር ቤቱ 1 ባር ተኩል ገደማ ቢሰጥ ነው። ከዚያ በእጥፍ ጨምረን 3 ባር ብንል፣ ግማሽ ኢንች ስፋት ባለው ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከ4 ኪሎ ግራም ክብደት አይበልጥም። 5 ሊትር ዘይት እንኳ ከዚህ ይከብዳል።

ጥርሱንም እንይ። የግማሽ ኢንች ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ዙር አለው፤ ስለዚህ ዳዶዋ አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ትሄዳለች። ሩብ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጎማው ራሱ ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በእጅ እስከሚቆም ካዞሩ በኋላ ሩብ ዙር ማለት ጎማውን በግማሽ ሚሊ ሜትር መጫን ማለት ሲሆን፣ ያ ለመዝጋት ይበቃል። አንድ ሙሉ ዙር ከጨመሩ ጎማውን ጨፍልቀው ወደ ውስጥ ያስወጡታል ወይም ይቆርጡታል።

ለዚህ ነው የናስ ወይም የብረት ዳዶ በእጅ ጠብቆ ከዚያ በመፍቻ ሩብ፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር የሚበቃው። የፕላስቲክ ዳዶ በእጅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። በእጅ ጠብቆ ካንጠባጠበ ችግሩ ኃይል ማነሱ ሳይሆን ጎማው ነው፤ ወይ የለም፣ ወይ ተጣሟል፣ ወይ ሥሩ አሸዋ ገብቷል፣ ወይ ዳዶዋ ጥርሱን ስታ አጋድላ ነው የገባችው። ፈትቶ ማየት ነው።

«ግማሽ ኢንች» ሲባል የቱ ጋ ነው ግማሽ ኢንች የሆነው?

ይህ ሰውን ብዙ ጊዜ ወደ ሱቅ ያመላልሳል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን የአንግል ቫልቩን ጥርስ በማስመሪያ ቢለኩት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ስህተት የለም። ስሙ የመጣው ከድሮው የብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋት ነው፤ ጥርሱ ያለው ግን በውጪው በኩል ነው። በተመሳሳይ መንገድ 3/8 ኢንች የሚባለው ጥርስ በውጪ ሲለካ 16.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ልኬት ከማስታወስ ይልቅ የቻሉትን ዕቃ ይዞ መሄድ ይሻላል።

እኛ ሀገር ገበያ ላይ የሚበዛው በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ኢንች የሆነው ፍሌክሲብል ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ አንዳንድ ታንኮች አንገታቸው 3/8 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ለሽንት ቤት የሚሸጠው ቱቦ በቫልቭ በኩል 3/8፣ በታንክ በኩል 7/8 ነው፣ የጥርሱም ሥርዓት የተለየ ነው። ዘመድ «ጠንካራ ነው» ብሎ በሻንጣ ያመጣው ቱቦ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሁለት ዙር የገባ መስሎ ከዚያ ይነክሳል። አያስገድዱት፤ የታንኩን የፕላስቲክ ጥርስ ይበላዋል። አሜሪካ ያለ አንባቢም በተቃራኒው ከዚህ የተላከለትን እዚያ አይሞክር።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ 30፣ 40፣ 50 ሴንቲ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ከቫልቩ እስከ ታንኩ አንገት በክር ለክተው ትንሽ ትርፍ ያለውን ይውሰዱ። የተወጠረ ቱቦ ዳዶውን ወደ ጎን ይጎትታል፣ ጎማውም በአንድ በኩል ብቻ ይጫናል። በጣም የረዘመ ደግሞ ታጥፎ ይሰበራል። ለስለስ ያለ ቅስት መሥራት አለበት።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ዋናውን መዝጊያ ይዝጉ፤ ሮቶ ካለ የሮቶውንም። በሁለት በኩል ውሃ የሚገባበት ቤት ስላለ አንዱን ብቻ ዘግቶ መፍታት በሴራሚክ ላይ መዋኘትን ያመጣል። ከዚያ ዝቅ ያለ ቧንቧ ከፍተው የቀረውን ያፍስሱ።

ቫልቩ ግድግዳው ላይ ከገባ በኋላ፣ ፍሌክሲብሉን ከማሰርዎ በፊት፣ ብዙዎች የሚዘልሉት አንድ ነገር አለ። ባልዲ ወይም ሳፋ ከቫልቩ ሥር አድርገው ዋናውን ውሃ ይክፈቱና ቫልቩን ቀስ ብለው በመክፈት ጥቂት ሊትር ያስፈስሱ። ቧንቧ ሲቆረጥ፣ ሲበየድና ሴራሚክ ሲለጠፍ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የፕላስቲክ ልጣጭ ውስጡ ይቀራል። ያ ሁሉ በመጀመሪያው ውሃ ወደ ታንኩ ከሄደ የታንኩን ማስገቢያ ይደፍናል ወይም እንዳይዘጋ ያደርገዋል። «አዲስ ነው፣ ግን ውሃው አይቆምም» ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህች ፍርፋሪ የሚመጡ ናቸው።

ውሃው ሲጠራ ቫልቩን ዘግተው ፍሌክሲብሉን ይሰሩ። ዳዶውን መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ ያዙሩት፤ ጥርሱ ወደ ቦታው ሲወድቅ በእጅ ይሰማል። ከዚያ ወደ ቀኝ። በታንኩ በኩል ሲያጠብቁ በሌላው እጅዎ ታንኩ ውስጥ ያለውን የማስገቢያ ዘንግ ይያዙት፤ አለበለዚያ አብሮ ይዞርና ተንሳፋፊው ከታንኩ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከፍሌክሲብሉ ዳዶ በላይ፣ ታንኩን ተጠግታ ያለችው ሰፊ ዳዶ ሌላ ናት፤ ዘንጉን ከታንኩ ጋር የምታስረው እሷ ናት። ውሃ ከእሷ ዙሪያ ከመጣ የሚያፈሰው የታንኩ የውስጥ ጎማ እንጂ ፍሌክሲብሉ አይደለም። ታንኩም ሸክላ መሆኑን አይርሱ፤ በኃይል ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ታንክ ደግሞ አይጠገንም።

ታንኩ ሲሞላ ውሃው በምን ይቆማል? በፈረቃ ሰዓትስ?

ጀሪካን ሲሞላ አጠገቡ ቆሞ «ደርሷል!» ሲል ቧንቧውን የሚዘጋ ልጅ ያስቡ። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ይህን ሥራ ይሠራል። ውሃው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ የተወሰነ ከፍታ ሲደርስ ማስገቢያውን ይዘጋል። ከፍታው የሚስተካከለው በዘንጉ ላይ ባለች ብሎን ወይም መያዣ ነው። መሐል ላይ ቆሞ የሚታየው ክፍት ቱቦ የትርፍ ውሃ ቱቦ ነው፤ ተንሳፋፊው ቢበላሽ ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈስ ወደ መቀመጫው ይወስደዋል። ውሃው ከዚህ ቱቦ አፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

አሁን ወደ ፈረቃው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህች ትንሽ ዕቃ የጤና ጉዳይም ትሆናለች። ከመኪና ቤንዚን በጎማ ስቦ ማውጣትን አይተው ይሆናል፤ አንዴ ከተሳበ በኋላ ራሱ ይወርዳል። የሰፈሩ መስመር ሲቋረጥ፣ በተለይ ታች ያሉ ቤቶች ቧንቧቸውን ሲከፍቱ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ከኋላው ያለውን ይስባል። ታንክዎ ውስጥ ያለው ማስገቢያ አፉ ውሃው ውስጥ የተነከረ ከሆነ፣ የታንኩ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ቧንቧ ሊሳብ ይችላል። መልሶ ውሃ ሲመጣ የሚፈሰው ያ ነው።

ይህን የሚከላከለው ቀላል ነገር ነው፤ አየር። የውሃው መውጫ ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ በላይ ከሆነ የሚሳበው አየር እንጂ ውሃ አይሆንም። በጥሩ ማስገቢያዎች ላይ ሲ.ኤል. (CL) የሚል ምልክት ተቀርጾ ይገኛል፤ ያ ምልክት ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ዘንጉ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ይህን ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሠራተኛውን በዚህ ጉዳይ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ልጆቻችን ከዚያው መስመር ይጠጣሉ። ከማስገቢያው ወደ ትርፍ ውሃ ቱቦው የምትሄደው ቀጭን ቱቦም በአፉ ላይ ትታሰር እንጂ ወደ ውስጥ አትሰደድ፤ ከተሰደደች ውሃውን ያለማቋረጥ ትስባለች።

ይኸው ጥንቃቄ በአረብ ሀገራት ሸጣፍ ለሚባለውና እኛም ጋ ለተለመደው፣ መቀመጫው አጠገብ ተሰቅሎ በእጅ ተይዞ ለመታጠብ ለሚያገለግለው ቱቦም ይሠራል። ጫፉ መቀመጫው ውስጥ ወድቆ አይቅር፤ ከተጠቀሙ በኋላም ቫልቩን ይዝጉ፤ ቀን ከሌሊት ግፊት እንዲሸከም የተሠራ አይደለም።

ውሃ ከረጅም ቆይታ በኋላ ሲመለስ ዝገትና አፈር ይዞ፣ አየሩንም እየገፋ ነው የሚመጣው። የታንኩን አንግል ቫልቭ ዘግተው መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያውን ከፍተው ቡናማው ውሃ ይሂድ። በማስገቢያው አንገት ውስጥ ትንሽ ወንፊት ካለች በየጊዜው አውጥተው ይጠቡ። ታንኩ ከወትሮው ዘግይቶ መሙላት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ናት። ሮቶው ከሽንት ቤቱ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ግፊቱ ራሱ ትንሽ ነው፤ ያኔ መዘግየቱ ብልሽት አይደለም።

ፍሌክሲብሉን የሚገድለው ምንድን ነው?

ዕድሜና በረኪና። የውስጡ ጎማ እየደረቀ ይሄዳል፤ ብዙ አምራቾች ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ። በረኪና ግን ጊዜ አይጠብቅም። «የማይዝግ» የሚባለው ብረት በረኪና ውስጥ ባለው ክሎሪን ይበላል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። አንድ ቀን ሽሩባው ይሳሳል፣ ጎማው በዚያ በኩል እንደ ፊኛ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል፤ ብዙ ጊዜም ሰው በሌለበት። ወለል በበረኪና ከታጠበ በኋላ ቱቦውንና ዳዶዎቹን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ የበረኪናውንም ጠርሙስ ከመቀመጫው ጀርባ አያስቀምጡ። አሲድም ያው ነው፤ ጭሱ ብቻ ይበቃዋል። በረኪናንና አሲድን አንድ ላይ መጠቀም ደግሞ ከቱቦው አልፎ ሰውን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይደረግ።

ሽሩባው ላይ የዝገት ነጥብ፣ የተበጠሰ ክር ወይም እብጠት ካዩ ዛሬውኑ ይቀይሩት። አሮጌውን ፍሌክሲብል በአዲስ መቀመጫ ላይ መልሶ ማሰርም አይመከርም፤ ጎማው የድሮውን ቅርጽ ይዞ ደርቋል።

አለመፍሰሱን በምን አውቃለሁ?

በዓይን አይታመንም። ደረቅ ሶፍት ይውሰዱና ሦስቱንም መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ፣ ለየብቻ በአዲስ ሶፍት ይጥረጉ። ትንሽ እርጥበት ቢኖር ይታያል፤ የትኛው እንደሆነም ይለያል። ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ ታች ያለው ቫልቭ እርጥብ ሲሆን ጥፋተኛው ላይኛው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ ይጀምሩ። ታንኩ ራሱ በውጪ በኩል ወዝቶ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚያመጣው ጤዛ እንጂ ፍሳሽ አይደለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዴ፣ በማግስቱ ጠዋት አንዴ ይድገሙት። ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚጠቀም ስለሚቀንስ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል፤ ቀን የያዘ መጋጠሚያ ሌሊት ሊያለቅስ ይችላል።

ትንሽ ጠብታ ነው ብሎ ለመተው ከቃጣዎት ኩባያ ሥሩ ያስቀምጡ። በሰዓት ሩብ ሊትር ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜል ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከታንኩ ወደ መቀመጫው የሚወርደው ፍሳሽ ደግሞ ድምፅም እርጥበትም የለውም። የቀይ ሥር ውሃ ታንኩ ውስጥ ጨምረው፣ ሳይለቁት ሩብ ሰዓት ቆይተው መቀመጫው ውስጥ ይመልከቱ። ቀልቶ ካገኙት የታንኩ መዝጊያ ጎማ አልገጠመም።

ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው?

ፍሌክሲብል መቀየር፣ ጎማ ማየት፣ ተንሳፋፊ ማስተካከል የማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። ግድግዳው ግን ሌላ ነው። አንግል ቫልቩን ሲያስገቡ ወይም ሲፈቱ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አብሮ ሲዞር ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙ። በፒፒአር ውስጥ የተቀበረችው የናስ አፍ ከፕላስቲኩ ተላቅቃ ሊሆን ይችላል፤ የቆየ የብረት ቧንቧ ከሆነም ጥርሱ ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ይሆናል። ያኔ የሚፈሰው ውሃ ሴራሚኩ ላይ አይታይም። ግድግዳውን ተከትሎ ይወርድና የሚታየው ከታች ባሉት እናት ጣሪያ ላይ ነው። ዋናውን ዘግተው፣ ለጎረቤት ነግረው፣ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። ሲመጣም የት ጋ እንደዞረ በጣትዎ ያሳዩት፤ ብዙ ሴራሚክ ሳይሰበር ቦታውን እንዲያገኘው።